የምንጥላቸው ባክቴሪያዎች

በመኸር ወራት ከዲላ ተነሥቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት የመብላላት ሽታ ይቀበለዋል። አንደኛው ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ ሁለተኛው በየጓሮው ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ከሚብላላው ቆጮ የሚመጣ ነው። በሁለቱም ቦታ ሥራውን የሚሠሩት ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። እኛ የሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን ግን ስለ ኢንዱስትሪያዊ ማይክሮባዮሎጂ ስንነጋገር ዓይናችንን ከባሕር ማዶ አናነሣም። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የአሚኖ አሲድ ምርት የሚጀምረው ከፋብሪካ ሳይሆን ባክቴሪያን ለይቶ፣ መዝኖና ጠብቆ ከማቆየት ነው። እኛም የጎደለን ከሁሉ በላይ ይህ የመጨረሻው ነው።

እንደሚታወቀው ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ ከእነዚህም 9ኙን የሰው አካል ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከዘጠኙ አንዱ ላይሲን ነው። በበቆሎና በሌሎች የብርዕ ሰብሎች ውስጥ ላይሲን አነስተኛ ነው። ቆጮም አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ስለሆነ ጠቅላላ የፕሮቲን መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ ነው። የዶሮ መኖ አምራቾች ይህን ጉድለት ለመሙላት ንጹሕ ላይሲን ይጨምራሉ፤ በአገራችንም ይህ የሚገኘው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ነው።

ይህ ላይሲን ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1908 ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ የባሕር አረም መረቅን ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሚክ አሲድ መሆኑን አወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ግሉታሜት ይመረት የነበረው የስንዴን ፕሮቲን በአሲድ በመሰባበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሹኩዎ ኪኖሺታና የኪዮዋ ሃኮ ባልደረቦቹ ዛሬ ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የሚባለውን ባክቴሪያ አገኙ። የተገኘው በቶኪዮ ከሚገኘው የኡዬኖ መካነ አራዊት ከተወሰደ አፈር ነው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት የፍለጋው ዘዴ ነው። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ ናሙና የተገኙ ባክቴሪያዎችን በአጋር ላይ አሳደጉ፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ጨረር ገደሏቸው። በላያቸው ላይ ከግሉታሜት በስተቀር አስፈላጊውን ምግብ ሁሉ የያዘ ሌላ አጋር አፈሰሱ። በዚህ አጋር ውስጥ ግሉታሜት ካላገኘ ማደግ የማይችል ሌላ ባክቴሪያ ተዘርቶ ነበር። ይህ ጠቋሚ ባክቴሪያ ባደገበት ቦታ ሁሉ፣ ከሥሩ ግሉታሜት አምራች እንደነበረ ታወቀ። የጠቋሚው ስም ሊዩኮኖስቶክ ሜሰንተሮይደስ ነው።

ይህ ስም ለእንሰት አገር ሰው እንግዳ መሆን አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የብርሃኑ ጋሼ የቆጮ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆጮን መብላላት ከሚያስጀምሩት ባክቴሪያዎች መካከል ይኸው ዝርያ ይገኛል። አሲዱ እየበረታ ሲሄድ ተራውን ለላክቶባሲለስ ዝርያዎች ይለቃል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ አሚኖ አሲድ ፈላጊዎች እንጂ አምራቾች አይደሉም። ሆኖም ፈላጊነታቸው ራሱ መለኪያ ያደርጋቸዋል። ውድ የመተንተኛ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ፣ ከቆጮ ከተለዩት መካከል የትኛው ያለ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደማያድግ መርምሮ የራሱን ጠቋሚ ማዘጋጀት ይችላል። ይህ ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።

ምርትን ማሻሻል ቀጥሎ ይመጣል። በተፈጥሮ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ አሚኖ አሲድ አያመርቱም። ኮሪኔባክቴሪየም ውስጥ ላይሲንና ትሪዮኒን አንድ ላይ ሲበዙ አስፓርቶካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዱታል፤ ምርቱም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1958 የኪኖሺታ ቡድን ሆሞሰሪን መሥራት የተሳነው ልውጥ ባክቴሪያ ላይሲንን በብዛት እንደሚያከማች አሳወቀ። ሆሞሰሪን ከሌለ ትሪዮኒን አይሠራም፤ ትሪዮኒን በልክ ብቻ ሲሰጠው እገዳው ይላላል፤ ላይሲንም ይፈስሳል። የባክቴሪያው ሙሉ ጂኖም የታተመው ከ45 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዛሬ ግሉታሜትም ሆነ ላይሲን በዓለም ላይ በየዓመቱ በሚሊዮን ቶን የሚመረቱት በዚህ መንገድ ነው።

«ታዲያ በዲላ የላይሲን ፋብሪካ ይቋቋም ነው የምትለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ርካሽ የበቆሎ ስታርችና የሸንኮራ ሞላሰስ፣ የማይቋረጥ ኃይልና ከተዋህስያን የጸዳ አየር ካላቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ጋር በዋጋ መወዳደር አንችልም። ነገር ግን እነርሱ የሌላቸው አንድ ነገር አለን። ከእሸት ቡና ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ገለፈት ነው፤ ስኳር አለው፤ በየጣቢያው ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ሲገባም ውኃውን ይበክላል። ገለፈቱ ካፌይንና ታኒን ስላለበት ለብዙ ባክቴሪያዎች አይስማማም። ይህን ተቋቁሞ የሚኖር ባክቴሪያ ቢኖር፣ የሚፈለገው ለዓመታት ገለፈት ሲከመርበት በኖረ አፈር ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ በጌዴኦ ሞልቷል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በተማሪነቴ ዘመን ከቆጮ በርካታ ባክቴሪያዎችን ለየሁ፤ ስማቸውን በሠንጠረዥ ጻፍኩ፤ ጥናቱም ጸደቀ። በሳምንቱ ሳህኖቹ በአውቶክሌቭ ተቀቅለው ታጠቡ። ከእኔ በኋላ የመጣው ተማሪ ከዚያው ገበያ ቆጮ ገዝቶ ሥራውን ከ«ሀ» ጀመረ። የኪኖሺታ ቡድን የ1956ቱን ባክቴሪያ በሳምንቱ አጥቦት ቢሆን ኖሮ የ1958ቱ ውጤት አይኖርም ነበር።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ጥልቅ ማቀዝቀዣ ያለው በግሊሰሮል ያስቀምጥ፤ መብራት የሚቆራረጥበት በዘንበል አጋር ላይ አሳድጎ ንጹሕ የማዕድን ዘይት ይሸፍንበት፤ ብዙ ዝርያዎች በዚህ ዘዴ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ቅጂውን ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚያስተዳድረው የደቂቅ ዘአካላት ክምችት ማስመዝገብ ይገባል። ከአርሶ አደሩ ጉድጓድ የተወሰደ ባክቴሪያ የተማሪው የግል ንብረት አይደለም፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን መብት አስከብሯል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የእንሰቱና የቡናው ጥምር እርሻ ዓለም አቀፍ ክብር አግኝቷል። ከሥሩ ያለውን የማይታይ ሀብት መመዝገብ ግን የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ባክቴሪያ የለየ የመመረቂያ ጥናት ሁሉ፣ የለየው ባክቴሪያ በሕይወት መቀመጡ ሳይረጋገጥ አይጽደቅ። ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ብልቃጡን እንዲያመጣ ይጠየቅ።