ፍችው ከእንቆቅልሹ አይቅደም



ሲ. ኤስ. ሉዊስ ስለ ናርኒያ ከጻፋቸው ሰባት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የዚያን ዓለም አፈጣጠር የሚተርከው «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» የወጣው ግን በ1955፣ በስድስተኛ ተራ ነው። በ1994 በአሜሪካ አሳታሚው ቁጥሩን ለውጦ ይህንኑ አንደኛ አደረገው። እኛ ይህን አድራጎት አጥብቀን እንቃወማለን።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሉሲ የተባለችው ልጅ በቁም ሣጥን አልፋ በረዶ በሸፈነው ጫካ መካከል ብቻውን የሚበራ የመንገድ ፋኖስ ታገኛለች። ማን ተከለው? አንባቢው ጥያቄውን ይዞ ይጓዛል። ስድስተኛው መጽሐፍ ከለንደን ፋኖስ የተገነጠለ ብረት በአዲሱ አፈር ላይ ወድቆ እንደ ተክል መብቀሉን ይነግረዋል። እንቆቅልህ ሳይባል ፍችው የተነገረው ልጅ ምን ደስታ ይቀርለታል?

መጽሐፉ ለብቻው ይነበባል ይሉናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ይነበባል ማለት አስቀድሞ ይነበብ ማለት አይደለም። ደግሞም ሉዊስ ራሱ በ1957 ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩን የዘመን ተራ መደገፉን ይጠቅሱብናል። በዚያው ደብዳቤ ቅደም ተከተሉ ምናልባት ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ መጻፉን ግን ይዘሉታል። ለውጥ ከሌለው ቁጥሩን መለወጥ ስለ ምን አስፈለገ?

የነገሥታት ዜና በዘመን ተራ ይጻፍ፤ ምስጢር ግን ከተጠየቀ በኋላ ይገለጥ። ስለዚህ ለታናናሾቻችን ስናነብም ሆነ መምህራን በክፍል ሲያስተምሩ ፋኖሱ ይቅደም፤ የፋኖሱ ዘር ይከተል እንላለን።