አሮጌው ኮምፒውተር ምን በደለ?

ጎበዝ፣ አንድ ክፉ በሽታ ይዞናል፤ ‹‹አዲስ ካልሆነ አይሆንም›› የሚሉት በሽታ፡፡ ስለ ስልክ አይደለም የምናወራው፣ እሱን ተዉት፡፡ የምናወራው እዚህ ቀጨኔም ሆነ ሌላ ሰፈር ዳንቴል ለብሶ ጥግ ስለተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፡፡ ‹‹ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ፋራ ነው፣ አይሠራም›› ይሉታል፡፡ ማን አለ? የአዲሱ ሻጭ!

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ‹‹አምስት ሚሊዮን ኮደሮች›› የሚባል መርሐ ግብር ተጀመረ፡፡ እሰየው! ግን ኮደሩ በምን ይለማመድ? በዚያው ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ፡፡ አዲስ ላፕቶፕ የሚመጣው በዶላር ነው፤ የቀጨኔዋ እናት ጀበና የምትሸጠው በብር ነው፡፡

ማይክሮሶፍት ደግሞ የራሱን ጨመረበት፡፡ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፡፡ ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፡፡ ታዲያ ማሽኑ ሞተ? አልሞተም፣ ከድግሱ ተባረረ እንጂ፡፡

እኛ የምንለው ቀላል ነው፡፡ 4 ጊጋ ራም ካለው ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፤ በነፃ ነው፡፡ ከተቻለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት፤ ፍጥነቱ ራሳችሁን ያስገርማችኋል፡፡ ሊብሬ ኦፊስ ለጽሑፍና ለሱቅ ሒሳብ ይበቃል፡፡ ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ አንዴ የወረደ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፡፡ ‹‹ቫይረስስ?›› ካላችሁ፣ የሚያሰጋው ማሻሻያ የተቋረጠበት ዊንዶውስ ነው፤ ለሊኑክሱ ማሻሻያው ይመጣል፡፡

‹‹አገሪቱን የቆሻሻ መጣያ ልታደርጓት ነው!›› የሚለን አይጠፋም፡፡ በጭራሽ! የፈረንጅ ጥራጊ በኮንቴይነር ይግባ አላልንም፡፡ ከገባ የቆየውን፣ ገንዘብ የወጣበትን፣ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ የጠገበውን ነው ያልነው፡፡ ቆሻሻ የሚበዛው የሚሠራውን ስንጥል ነው፡፡

ቀጨኔ ንቀትን አሳምራ ታውቃለች፡፡ ሸክላ ሠሪዋን ‹‹ቡዳ›› እያለ የሰደበ ሁሉ ቡናውን የጠጣው ከእሷው ጀበና ነው፡፡ ዛሬ ጠጋኙን ንቆ በካርቶን የመጣ ዕቃ የሚያመልከው ያው አመል ነው፤ ማደስም እንደ መሥራት ሙያ መሆኑን አያውቅም፡፡

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ መጋዘኑን ክፈቱ፡፡ ወላጆች፣ ያላችሁን አስጠግኑ፡፡ ልጅ ከማውስ ጋር የሚተዋወቀው ፈተና ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ያን ቀን የወደቀው እሱ አይደለም፡፡ የወደቅነው እኛ ነን፡፡