የእጅ ሥራ ማርክ ለእጅ ይሰጥ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። የእጅ ሥራ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ግን ይህ አባባል ይረሳል። ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረውን ዳንቴል ልብ ብሎ ላየው፣ ገሚሱ የእናት፣ ገሚሱ የእኅት፣ ገሚሱም ከገበያ በብር የመጣ ነው። ሠሪዋ ሌላ፣ ማርክ ተቀባዩ ሌላ! ይህ የአንድ ማሠልጠኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያለቀለት ዕቃ ብቻ በሚታረምበት ቦታ ሁሉ የሚታይ ነው። ስለዚህ የማቀርበው አስተያየት አንድ ነው፤ ዳንቴሉ ይቅርና እያንዳንዱ ሠልጣኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ እያየው፣ መዳፍ የምታህል ናሙና በዓምድ ኪሮሽ ሠርቶ ያሳይ።

የዓምድ ኪሮሽ የምለው ጨርቁ ላይ ጎላ ጎላ ያለ መስመር የሚያወጣውን አሠራር ነው። ኪሮሽ የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በተለመደው አሠራር ሰንሰለት ይጣልና በላዩ አንድ ረድፍ ዓምድ ይቆማል። በሁለተኛው ረድፍ መንጠቆው የሚገባው ከዓምዱ አናት ላይ ባለችው ቀለበት ነው። በዓምድ ኪሮሽ ግን አናቱ ይተዋል፤ የሚታቀፈው ዓምዱ ራሱ ነው። ክሩን አንድ ጊዜ መንጠቆው ላይ ጠምጥሞ፣ ከፊት በዓምዱ ቀኝ አስገብቶ፣ በጀርባው አዙሮ በግራው ወደ ፊት ማውጣት፤ ከዚያም ክሩን ረዘም አድርጎ ስቦ ሁለት ሁለቱን ቀለበት እያወረዱ መጨረስ ነው። ያን ጊዜ ዓምዱ ወደ እኛ ጎልቶ ይወጣል። መንጠቆው ከኋላ ገብቶ በፊቱ ዞሮ ወደ ኋላ ከወጣ ደግሞ ዓምዱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በግራ እጁ የሚሠራ ቀኝና ግራውን ያገላብጥ።

ምስጢሩ በቃ ይኸው ነው። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ እያፈራረቁ ቢሠሩ የሚለጠጥ መስመር ይወጣል፤ ለእጅጌና ለቆብ አፍ ተስማሚ ነው። ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ሠርቶ ከጥቂት ረድፍ በኋላ ቦታ ቢያለዋውጡ ቅርጫት የመሰለ መልክ ይመጣል። ሁለቱን ዘልሎ ቀጣዮቹን ሁለት ከፊት ሠርቶ፣ ተመልሶ የተዘለሉትን በላያቸው ቢያሻግሩ ደግሞ ሹሩባ ይሆናል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲገለበጥ ነው። በአንደኛው ረድፍ ጎልቶ የወጣው ዓምድ፣ ጨርቁ ሲዞር የሰመጠ ሆኖ ይታያል። ጀማሪው «ከፊት፣ ከኋላ» እያለ በቃሉ ብቻ ከሄደ መስመሩ ይጠፋበታል። ማድረግ ያለበት ዓይኑን ማመን ነው፤ ወደ እርሱ የወጣውን ከፊት፣ የሸሸውን ከኋላ መሥራት። «የዓምድ ኪሮሽ ምንድን ነው?» ተብሎ በወረቀት ቢጠየቅ ሙሉ ማርክ የሚያገኝ ሠልጣኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ሊያልበው ይችላል። ጣት ግን አይዋሽም።

ይህ ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት ከጨርቁ ይበልጣል። መምህሩ ከተማሪዎቹ ትይዩ ቆሞ ቢያሳይ፣ የእሱ ቀኝ ለእነርሱ ግራ ነው፤ የእሱ ፊት ለእነርሱ ጀርባ ነው። «እንደዚህ አድርጉ» ባለ ቁጥር ልጆቹን ያሳስታቸዋል፤ ከዚያም «አይገባቸውም» ብሎ ይቆጣል! መፍትሔው ከጎናቸው መቀመጥ፣ ወይም በትከሻው ላይ አሻግረው እንዲያዩ ማድረግ ነው። ነገ አንደኛ ክፍል ገብተን የፊደል አጣጣል ስናስተምርም የሚገጥመን ይኸው ነው። ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ አንድ ጊዜ በክር መደናገር ይሻላል።

«ኪሮሽማ የሴት ሥራ ነው» የሚሉ ወንዶች ሠልጣኞች አይጠፉም። ኧረ ለመሆኑ በመንዝ ባናውንና በርኖሱን የሚሸምነው ማን ነው? ፈትሉን ሴቷ ብትፈትለው ሸማኔው ወንድ አይደለም እንዴ? በአየርላንድም እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መትቶት ታላቅ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ በገዳማት ሳይቀር ኪሮሽ ተምረው በዳንቴል ሽያጭ ነፍሳቸውን ያቆዩ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። ሆድ ሲርበው የወንድና የሴት ብሎ አይለይም። አንደኛ ደረጃ የሚመደብ መምህር ደግሞ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ነው የሚያስተምረው።

ሌላው መከራከሪያ የዕቃና የጊዜ እጥረት ነው። ይህ ችላ የሚባል አይደለም። የዓምድ ኪሮሽ ከተራው ይልቅ ክር ይበላል፤ ጨርቁም ጠበብ ይላል። ዳሩ ግን መዳፍ የምታህል ናሙና ስንት ክር ትፈጃለች? ደግሞስ ተተርትራ እንደገና ትሠራ የለ? የሹራብ ክር ከተወደደ የበግ ጠጉር አገራችን ነው። ወፈር ያለ የእጅ ፈትል ለስስ ዳንቴል አይሆንም፤ ጎላ ያለ መስመር ግን ያምርበታል። መንጠቆውም ከወይራ ተጠርቦ በብርጭቆ ወረቀት ሊለሰልስ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንም ሆነ ነፋሱ አጥንት በሚሰብረው አንኮበር፣ ወፍራም ጨርቅ መሥራት መቻል ቅንጦት አይደለም።

ጊዜን በሚመለከት ሁለት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይበቃል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ሠልጣኙ ይሠራል፤ በሁለተኛው አጠገቡ ላለው ያስተምራል። ማርኩም በሦስት ነገር ይሰጥ፦ መስመሩ ከተገለበጠ በኋላ መቀጠሉ፣ የተሳሳተውን ራሱ አግኝቶ መተርተሩ፣ ያስተማረው ጓደኛው መቻሉ። ሦስቱም በገበያ አይገኙም።

መምህራኖቻችን ይህን ሐሳብ በሚመጣው መንፈቅ ቢሞክሩት መልካም ነው። የማይስማማ ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ መልሱን ይለጥፍ፤ እናነባለን። ናሙናዎቹም ከታረሙ በኋላ አይጣሉ። ሁለቱን ደርቦ ጠርዙን ቢሰፏቸው ጎላ ያለው መስመር ጠመኔን ጥርግ አድርጎ ያነሳል፤ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ዳስተር ፍለጋ ከክፍል ክፍል ከመሮጥ ያድነናል።