የሮቦቱ ሥራ የማን ሥራ ነው?

በማርስ ላይ ስለሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪ ሮቦቶች የሚጻፈው ዜና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሮቦቱ ቆፈረ፣ ሮቦቱ አገኘ፣ ሮቦቱ ደረሰበት ይላል። ሰዋስዉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሐቁን ግን ይሸፍናል። መሣሪያን የሥራው ባለቤት አድርጎ ማቅረብ መሣሪያውን የሠሩትንና የሚያሠሩትን ሰዎች ከመዝገብ መፋቅ ነው፤ መዘዙም በዜናው ገጽ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመረዳት ክዩሪዮሲቲ የተባለው ሮቦት ቀኑን እንዴት እንደሚውል መመልከት ይበቃል። ስድስት መንኰራኵሮች ያሉትና 899 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2012 ጌል በተባለው ሰፊ የማርስ ጉድጓድ ውስጥ ዐረፈ። ፍጥነቱ በደልዳላ ሥፍራ እንኳ በሴኮንድ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያህል አይበልጥም፤ ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን ይቀድመዋል። ከምድር የሚላክለት የራዲዮ መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ መሪ ይዞ እንደ መኪና የሚነዳው ሰው ሊኖር አይችልም። ስለሆነም የቀኑ ሥራ በሙሉ አስቀድሞ ታስቦ፣ ተጽፎና ተመርምሮ መላክ አለበት።

በማርስ ሲመሽ ሮቦቱ ያነሣውን ፎቶግራፍና የልኬት ውጤት በፕላኔቷ ዙሪያ በሚሽከረከሩ ሳተላይቶች አማካይነት ይልካል። በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና በሚገኘው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪና በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ተቀብለው ለስብሰባ ይቀመጣሉ። የቀበሌ ስብሰባ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ስብሰባ ጠባይ ለመገመት አይቸገርም። አንዱ ድንጋዩ ይመርመርልኝ ይላል፤ ሌላው ሰማዩ ፎቶግራፍ ይነሣልኝ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መቆሙ ይብቃ፣ ወደፊት እንጓዝ ባይ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ውሱን ነው። ከፕሉቶኒየም ሙቀት የሚገኘው ኃይል ሲጀመር 110 ዋት ያህል ነበር፤ ከዓመት ዓመትም ይቀንሳል። የሁሉም ጥያቄ በአንድ ቀን ስለማይሟላ ይከራከራሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ አንዱ ለሌላው ተራ ይለቃል። ከዚያም የሮቦቱ ነጂዎች እያንዳንዱን የመንኰራኵርና የክንድ እንቅስቃሴ በትእዛዝ መልክ ይጽፋሉ፤ በኮምፒዩተር ይሞክሩታል፤ ሌሎች ያርሙታል። በማርስ ሲነጋ ትእዛዙ በግዙፍ አንቴናዎች ይተላለፋል።

የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 90 የማርስ ቀናት ሠራተኞቹ በዚያ ሰዓት ይሠሩ ስለነበር የፈረቃቸው መግቢያ በየቀኑ 40 ደቂቃ ያህል ይገፋ ነበር። ጧት ይገባ የነበረው ሰው ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ማታ ይገባል። የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሁሉ ይህ እንቅልፍንና የቤት ኑሮን ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው ግን የመሰርሰሪያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 መሰርሰሪያውን ወደ ድንጋዩ የሚገፋው ክፍል እምቢ አለ። ጠጋኝ ሊላክ አይችልም፤ መለዋወጫም የለም። መሐንዲሶቹ በምድር በቀረው የሮቦቱ አምሳያ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሞከሩ። በመጨረሻም መሰርሰሪያው ወደፊት እንደወጣ እንዲቀር፣ የሚገፋውም መላው ክንድ እንዲሆን አደረጉ፤ አናጢ በእጁ የያዘውን መሰርሰሪያ በክንዱ ጉልበት እንደሚገፋው ማለት ነው። ክንዱ ከመጠን በላይ ጫና ሲደርስበት እንዲቆም ታስቦ የተሠራውን የኃይል መለኪያም መሰርሰሪያው ወደ ጎን ማዘንበሉን እንዲያሳውቅ አዲስ ተግባር ሰጡት። ሜይ 20 ቀን 2018 ዱሉት የተባለው ድንጋይ በዚህ ዘዴ ተበሳ። የቀዳዳው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከጀርባው ግን የአንድ ዓመት ተኩል ድካም አለ። ይህንንም ሮቦቱ ራሱን ጠገነ ብሎ የሚያወራ አይጠፋም።

ሮቦቱ በራሱ የሚወስነው ነገር አለ የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ2016 ወዲህ በሌዘር የሚመረምረውን ድንጋይ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ይመርጣል። ነገር ግን የትኛው ድንጋይ ለምርጫ እንደሚበቃ የሚደነግገውን መመሪያ የጻፈው ሰው ነው፤ ውጤቱን ተቀብሎ የሚተረጉመውም ሰው ነው።

ይህን ማንሣታችን የቃላት ክርክር አምሮን አይደለም። ሥራው የመሣሪያው ነው ከተባለ ሠራተኛው ትርፍ መስሎ ይታያል። ይኸው ላቦራቶሪ በፌብሩዋሪ 2024 530 ያህል ሠራተኞቹን፣ ማለትም ከመቶ 8 ያህሉን አሰናበተ፤ ምክንያት የሆነውም ከማርስ ናሙና ወደ ምድር ለማምጣት የታቀደው ሌላ ፕሮግራም በጀቱ አለመታወቁ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 325፣ በኦክቶበር 2025 ደግሞ 550 ያህል ሠራተኞች ተከተሉ። በጀት ሲጠብ ወጪ መቀነስ ግድ ነው የሚለው አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ለዓመታት በአንድ መሣሪያ ላይ የተካበተ ልምድ በመዝገብ ተጽፎ አያልቅም፤ ሰውዬው በር ሲዘጋበት አብሮት ይወጣል፤ በጀቱ ሲመለስ ተመልሶ የሚገዛበት ገበያም የለም። በዚያ ኦክቶበር ሮቦቱ ሻርፕ በተባለው የማርስ ተራራ ተዳፋት ላይ ነበር፤ ማታ ፎቶግራፉን ይልካል፣ ጧት ትእዛዙን ይጠብቃል።