ሥር የሰደደ ሕመም በአይጥ እግር ሲለካ

ሥር የሰደደ ሕመም የሚባለው ከሦስት ወር በላይ የሚዘልቅ ወይም እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ሕመም ነው። ቁስሉ ከደረቀና አጥንቱ ከገጠመ በኋላ እንኳ ሊቀጥል ስለሚችል፣ የሌላ ጉዳት ምልክት ከመሆን አልፎ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ ይታያል፤ እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚጸና ለማወቅ ግን የሕመምተኛን ነርቭ ወይም ሕብለ ሰረሰር ከፍቶ መመርመር ስለማይቻል፣ ምርምሩ ለአሥርተ ዓመታት በእንስሳት፣ በተለይም በአይጦች ላይ ሲካሄድ ኖሯል። እንስሳን አሳምሞ ማጥናት በኅሊና ላይ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ተገቢነት የሚኖረውም ከእንስሳው የሚፈለገው መልስ ከሰው ሕመም ጋር በእርግጥ የሚገናኝ ሲሆን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲፈለግ የኖረው መልስ ግን ከዚህ በጣም የጠበበ ነበር።

ከታወቁት የጥናት ዘዴዎች አንዱን ጋሪ ቤኔትና ዪ ኩዋን ሺዬ እ.ኤ.አ. በ1988 አስተዋወቁ። ከወገብ ተነሥቶ በጭን በኩል ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን የአይጥ ነርቭ በአራት ክሮች ላላ አድርገው ሲያስሩት፣ ነርቩ ያብጥና በክሮቹ ይታነቃል፤ በቀናት ውስጥም እግሩ ቀድሞ በማያሳምመው ንክኪ መታመም ይጀምራል። ይህን ለመለካት ማክሲሚሊያን ፎን ፍሬይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈለሰፈው መሣሪያ ያገለግላል፤ በታወቀ ኃይል የሚጎብጡ ፀጉር መሰል ቀጫጭን ዘንጎች በወንፊት ወለል ላይ የቆመውን አይጥ እግር ከሥር ይነኩታል፣ አይጡ እግሩን ሲያነሣም ኃይሉ ይመዘገባል።

በእንስሳት ላይ ከተደረገው ምርምር የተገኘውን እውቀት ማቃለል አይገባም። ክሊፎርድ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ከጉዳት በኋላ የሚቆጣው የተጎዳው አካል ብቻ ሳይሆን ከዚያ የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለው ሕብለ ሰረሰር ጭምር ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላ የሸሚዙ ንክኪ ለምን እንደሚያቃጥለው ለማስረዳት ይህ ግኝት ትልቅ በር ከፍቷል።

ችግሩ የታየው መድኃኒት ሲፈለግ ነው። ሰብስታንስ ፒ የተባለው፣ የሕመምን መልእክት ከሚያስተላልፉት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ኬሚካል እንዳይሠራ የሚያግዱ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ካሳዩ በኋላ፣ በሰዎች ሲሞከሩ መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ ክኒን የተሻለ ማስታገሻ ሊሆኑ አልቻሉም፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው አፕሬፒታንት በመጨረሻ የካንሰር ሕክምና የሚያስከትለውን ትውከት መከላከያ ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ውድቀት ብዙ ምክንያቶች ሊሰጡ ቢችሉም፣ ከመለኪያው የሚመነጨው ከሁሉም በላይ ሊጤን ይገባዋል። እግርን መሰብሰብ በሕብለ ሰረሰር ብቻ ሊከናወን የሚችል ቅጽበታዊ ምላሽ ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩ ከአንጎሉ የተለየ እንስሳ እንኳ ይህን ያደርጋል። ወደ ሐኪም የሚመጣው ሰው ግን የሚያማርረው ማንም ሳይነካው የሚያቃጥለውን፣ እንቅልፉን የነሳውንና ከሥራው ያስቀረውን ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፍራንክ ፖሬካ ቡድን ያወጣው ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። ነርቫቸው የተጎዳ አይጦች በአንድ ክፍል ውስጥ ማስታገሻ በሕብለ ሰረሰራቸው በኩል ሲሰጣቸው፣ ኋላ ምርጫ ሲያገኙ ወደዚያ ክፍል የሚያዘነብሉ ከሆነ፣ ሳይነኩም ያማቸው እንደነበርና መድኃኒቱ እንዳሳረፋቸው በራሳቸው ድርጊት መሰከሩ ማለት ነው። ክሎኒዲንና ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የሚገኘው ኮኖቶክሲን ይህን ምርጫ አስከትለዋል፤ ከኮኖቶክሲን ወገን የሆነው ዚኮኖታይድም እ.ኤ.አ. በ2004 ለከባድ ሕመም በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጻሩ በንክኪ የሚቀሰቀሰውን ሕመም ቢያበርድም፣ አይጦቹ የተቀበሉበትን ክፍል እንዲመርጡ አላደረጋቸውም። በእግር ማንሣት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ አዴኖሲን እንደ ጥሩ ማስታገሻ በተቆጠረ ነበር።

የሚጠኑት እንስሳት እነማን እንደሆኑም ሊጠየቅ ይገባል። ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ጥናቶቹ በአመዛኙ በወንድ አይጦች ላይ ብቻ ይደረጉ ነበር። የጄፍሪ ሞጊል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳየው፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገኙትን ማይክሮግሊያ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ማገድ የወንዶቹን አይጦች ሕመም ሲያስታግስ በሴቶቹ ላይ ግን ያን ውጤት አላስገኘም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሚጠይቁ ተመራማሪዎች የእንስሳቱን ጾታ በጥናታቸው እንዲያገናዝቡ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2016 መሆኑ፣ ርምጃው ምን ያህል እንደዘገየ ያሳያል።

ለዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር የሥነ ምግባር መመሪያ መሠረት የሆነው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ፣ ተመራማሪው የሚቻል በሆነ ጊዜ የሚያሳምመውን ነገር አስቀድሞ በራሱ ላይ እንዲሞክር መክሮ ነበር። ምክሩ ክቡር ቢሆንም ለወራት የሚዘልቅን ሕመም በዚህ መንገድ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች እንስሳው ምን ያህል እንደሚሠቃይ ከመጠየቅ ጋር፣ የተመረጠው መለኪያ ያን ሥቃይ በእርግጥ የሚለካ መሆኑንም ሊጠይቁ ይገባል። በዘንግ የሚደረገው ፈተና በአጭር ጊዜ ሲያልቅ የክፍል ምርጫው ግን ቀናት ይፈጃል፣ ሁለቱንም ጾታ ማጥናትም ብዙ ጊዜ ወጪ ይጨምራል፤ ይህን ጊዜና ወጪ ምርምሩን የሚደግፉት ተቋማት ገና ከመነሻው በበጀታቸው ሊይዙት ይገባል።