የሥራ ፈቃድ የግል ምሥጢር አይደለም

ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ በምትገኘው በሎረል ከተማ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። አንዱ ወደ መጋዘን፥ አንዱ ወደ አረጋውያን መጦሪያ፥ አንዱ ወደ መኪና ማቆሚያ፥ አንዱም እንደ እኛ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ አገራችን እናወራለን፤ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ዘመድ ደኅንነት እንጠያየቃለን። አንድ ጥያቄ ግን ከመካከላችን አይነሣም። «የሥራ ፈቃድህ የሚያበቃው መቼ ነው?» ብሎ ወገንን መጠየቅ እንደ ነውር ተቆጥሯል።

ይህ ዝምታ ከጨዋነት የመነጨ ይመስላል። ውጤቱን ስንመለከት ግን የሚጠቅመው ሠራተኛውን ሳይሆን በችግሩ የሚነግዱትን ነው። በቅርቡ አንድ ወገናችን የፈቃዱ ካርድ ጊዜ አልፎበት ከሥራው ተሰናበተ። የእድሳቱን ማመልከቻ የሰጠው ጠበቃ ላልሆነ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ ሰውየውም ገንዘቡን ተቀብሎ ቅጹን ሳይልከው ከረመ። ይህ ወገናችን ይኖር የነበረው ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። ሁለቱም ቅጹን ያለ ዋጋ ሊያነቡለትና ቀኑን ሊያስታውሱት ይችሉ ነበር። እርሱ አፍሮ አልነገራቸውም፤ እነርሱም ተጠንቅቀው አልጠየቁትም። ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ የዚህ ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በአሜሪካ እያንዳንዱ አሠሪ የሚቀጥረውን ሰው የሥራ ፈቃድ እንዲመረምር ያስገደደው በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ የባዕድ አገር ሠራተኛ እንጀራ በአንዲት ካርድ ላይ ተንጠልጥሏል። የውጭ አገር ተማሪም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ትምህርት ላይ ሳለ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተከልክሏል፤ ሲመረቅ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ፈቃድ በተማረበት ሙያ ብቻ የተወሰነ ነው፤ በዚያም ዓመት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቆይባቸው ቀኖች ተደምረው ከ90 እንዳይበልጡ ይቆጠሩበታል። ጥገኝነት የጠየቀው ደግሞ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት የሥራ ፈቃድ ለማመልከት 150 ቀን፥ ለማግኘት 180 ቀን መጠበቅ ነበረበት። በእነዚያ ቀኖች ምን በልቶ እንደሚያድር ደንቡ አይናገርም።

በ2025 መጨረሻ ችግሩ ባሰ። እድሳት ጠይቆ መልስ ለሚጠብቅ ብዙ ሠራተኛ አሮጌው ፈቃድ በራሱ ይራዘምለት የነበረው አሠራር ከጥቅምት 30 ቀን 2025 ወዲህ ለሚገቡ ማመልከቻዎች ቀረ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ለጥገኝነት ጠያቂዎች እስከ 5 ዓመት ይሰጥ የነበረው ካርድ ወደ 18 ወር እንዲያጥር ተወሰነ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው ቀድሞ አንድ ጊዜ በሚሰለፍበት ዘመን አሁን ሦስት ጊዜ ይሰለፋል፤ መሥሪያ ቤቱ በዘገየ ቁጥር የሚቋረጠው የሠራተኛው ደመወዝ ነው።

ይህ ዕጣ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት በአገራችን በነበረው ደም መፋሰስ ምክንያት ኢትዮጵያውያን ለጊዜው እንዲቆዩ ፈቅዶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያንን ፈቃድ አነሣው፤ ብዙ ተቃውሞም ስለ ገጠመው በ1982 ከ1980 አጋማሽ በፊት ለገቡት ብቻ መለሰው። አርባ ዓመት አለፈና በታኅሣሥ 2022 በጦርነቱ ምክንያት ጊዜያዊ ከለላ ከሥራ ፈቃድ ጋር ተሰጠ፤ በ2024 ተራዘመ፤ በታኅሣሥ 2025 ደግሞ እንዲያበቃ መወሰኑ ታወጀ። አባቶቻችን ያዩትን እኛም አየነው። ለጊዜው የተሰጠ ፈቃድ ከፖለቲካ ነፋስ ጋር ይመጣል፥ ይሄዳል። እያንዳንዱ ለብቻው ካርዱን በኪሱ ደብቆ ይህን ነፋስ ሊቋቋመው አይችልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በአማርኛ የሚፈጸመው በደል ነው። ፈቃድ የሌለውን ወገኑን በምግብ ቤቱ ወይም በሱቁ አሠርቶ «ወረቀት የለህ፥ ለማን ትከሳለህ?» እያለ ከሕጉ በታች የሚከፍል አለ። ካርዱን ለሌላው አከራይቶ ከደመወዙ የሚቆርጥም አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች የሚተማመኑት በሠራተኛው አለማወቅ ነው። የ1938 የደመወዝ ሕግ ግን ለተሠራ ሥራ ዋጋ እንዲከፈል ሲያዝ ሠራተኛውን በወረቀቱ አይለይም። በሜሪላንድ ከጥር 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ያለ አግባብ ቢባረር ላልሠራበት ጊዜ ካሣ እንደማይከፈለው ፈርዷል፤ ላቡን ላፈሰሰበት ቀን ግን ደመወዙን ይከልከል አላለም። ይህን ልዩነት ለወገኑ የማያስረዳ ተማሪ ትምህርቱ ለማን ነው?

ፈቃዱን አሠሪው ሲይዘው ምን እንደሚከተል በቤይሩት አይተናል። በ2020 የሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ እኅቶቻችንን አሠሪዎቻቸው ያለ ደመወዝ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያራገፉ ሄዱ። በዚህ ስንቆጣ ግን ወደ ራሳችንም ቤት እንመልከት። ኢትዮጵያ የዓለሙን የስደተኞች ስምምነት በ1969 ስትቀበል ስለ መሥራት መብት የሚናገረውን ክፍል እንደ ምክር ብቻ እንደምታየው አስመዝግባ ነበር። የሶማሌው፥ የሱዳኑና የኤርትራው ስደተኛ በአገራችን በሕግ የመሥራት መብት በሰፊው የተከፈተለት በ2019 በወጣው አዋጅ ነው፤ ይህም ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሎረል ለራሳችን የምንጠይቀውን በጋምቤላና በአዲስ አበባ ለሌላው ካልጠየቅን ጩኸታችን የፍትሕ ሳይሆን የሆድ ብቻ ይሆናል። በአገር ቤት ያላችሁ ጓዶች ይህ የእናንተ ድርሻ ነው፤ አዋጁ ከወረቀት አልፎ ሥራ ላይ መዋሉን ተከታተሉ፥ ጻፉ።

በባሕር ማዶ ያለነውስ? አንደኛ፥ እያንዳንዱ የተማሪ ማኅበር የወገኖቹን ፈቃድ ማብቂያ ቀን በየፈቃዳቸው መዝግቦ ጊዜው ሳይደርስ ያስታውስ። ምሥጢሩንም እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቅ። ሁለተኛ፥ በሳምንት አንድ ምሽት ቅጽ የሚያነብና የሚያስረዳ ይኑር፤ ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ሕግ ወደሚያውቅ እውነተኛ ጠበቃ ይምራ እንጂ ራሱን ጠበቃ አያድርግ። ሦስተኛ፥ ወገኑን ከሕግ በታች የሚያሠራውን አሠሪ አብረን አንብላ፥ አብረን አንጠጣ፤ በዳዩ የአገራችን ሰው ስለሆነ ብቻ አንሸፍንለት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ሁለቱ ተማሪዎች የወገናችንን በሽታ ያወቅነው አልጋውን ሸጦ ከቤታችን ሲወጣ ነው። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው ስለ ዘመዱ ጤና ከጠየቃችሁት በኋላ ያን የነውር ጥያቄም ጨምሩበት።