ዘፋኝ የሌለው ዜማ ባለቤት የለውምን?





የቪዲዮ ማከራያ ሱቆች ከየሰፈሩ ከጠፉ ወዲህ ፊልም የሚከራየው በኢንተርኔት ሆኗል። እኔም ሰሞኑን ሁለት ፊልሞች ተከራይቼ አየሁ፤ አንድ የራፕ አልበምም ገዝቼ አደመጥሁ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ስለ ሆነ ለወጣቶች አሮጌ ነው፤ ለእኔ ቤት ግን አዲስ ነው።

አንደኛው ፊልም አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ሲሆን በዚያው ዓመት በካን ግራን ፕሪ ተሸልሟል። አንድ ላጤ ጎልማሳ፣ የማያውቀው ልጅ እንዳለው የሚገልጽ ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የጥንት ወዳጆቹንም ፍለጋ ይነሣል። ጉዞውን ያሰናዳለት ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለመንገዱም የአገራችንን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሰውየው ዝም ብሎ መኪናውን ሲነዳ የልቡን ጭንቀት የሚናገርለት የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ነው። ታሪኩ ዝግ ያለ ነው፤ መጨረሻውም ሳይፈታ ይቀራል። ይህን የማይወድ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ አልደግመውም፤ ብቻ ከእሑድ ምሳ በኋላ ተጋድሞ የሚታይ ፊልም አይደለም።

አልበሙ ናስ የተባለው የኒው ዮርክ ራፐርና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ በአንድነት ያወጡት «ዲስታንት ሬለቲቭስ» ነው፤ የሩቅ ዘመዳሞች እንደ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ራፕ ጩኸት እንጂ ዘፈን አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በበኩሌ የመክፈቻውን ዘፈን ያድምጡ እላለሁ። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የጀመረውን ሌላው እየነጠቀ ቃል ሲቀባበሉ የአገራችንን ፉከራ ያስታውሰኛል። ወደ መጨረሻው ግን ምክሩ ይበዛል፤ ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ስብከት ይመስላል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው የመክፈቻው ዘፈን ነው። ከንግግሩ ሥር የሚሰማው ዜማ በፊልሙ ውስጥ የሰማሁት «የግሌ ትዝታ» የተባለው የሙላቱ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ራፐሮቹም የሙላቱን ስም ከዘፈኑ ደራሲዎች ጋር አጽፈዋል። አብሮኝ ያዳምጥ የነበረው የእኅቴ ልጅ ግን ዜማው የናስ መስሎት ነበር። በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ባዶ ጊዜ መሙያ ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ የማን እንደ ሆነ የነገረው ግን የለም። ልጁ አይወቀስም። የዘፋኙን ስም ለመጥራት የማይሰንፉ አስተዋዋቂዎች፣ ዘፋኝ የሌለው ዜማ ሲሆን ባለቤትም የሌለው ይመስላቸዋል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊዎች ይህን ለአስተዋዋቂዎቻቸው ቢያሳስቡልን ምን ይጎዳቸዋል? «የግሌ ትዝታ፤ ሙላቱ አስታጥቄ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ሰዓት ከመንገር አይበልጥም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ